የድንች ወጡ ባለሙያ

እኔ ደስታዬን ያገኘሁት ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው የፈለገውን ይበል! በከተማችን በቆሰበር ዝናብ ርሼ ከሥራ እገባለሁ፤ እጄን ታጥቤ ሽንኩርት መክተፍ ስጀምር የቢሮው ንትርክ ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ይጠፋል። ማድ ቤታችን ጠባብ ናት። የቀርከሃ ግድግዳዋን ባለቤቴ ቢጫ ስለቀባችው ፀሐይ በሌለበት ቀን እንኳ ፈካ ትላለች። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ትቀልድብኛለች፤ እኔ ቁሌቴን አማስላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ዓለም አለ?

ችግሩ አባቴ ነበሩ። ግምጃ ቤት ከምትባል ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በእሳቸው ዘንድ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ከታየ «ሴታሴት» ተብሎ ስሙ ይጠፋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንኳ ጎረቤት ካላመጣላቸው ቆሎ ቆርጥመው ያድራሉ እንጂ ድስት አይጥዱም። ባለፈው ቅዳሜ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ወጡን እኔ መሥራቴን ካወቁ ሳይበሉ ይነሣሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቀድሜ ሠርቼ ጨረስኩና እንደ እንግዳ ቁጭ አልኩ። ብርዱ ስለከፋ እዚያው ማድ ቤት አበላናቸው። የድንች ወጡ ቅቤው ተንሳፍፎ፣ ኮረሪማው ሸትቶ፣ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም!

አባቴ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ባለቤቴ ዘረጉ።

«እንኪ ልጄ! እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ወጥ የሠራ ሰው መጉረስ አለበት።»

ባለቤቴ አልጎረሰችም። ዞር ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

እጃቸው ባለበት ቀረ። ወጡ በጣታቸው መሀል ጠብ ጠብ ይላል።

«አንተ?»

«አዎ፣ ሁልጊዜም እኔ ነኝ። ደግሞ ደስ ይለኛል!»

ከዚያ ጉርሻውን ወደ እኔ አዞሩና አፌ ውስጥ ከተቱት። ሳቅም እንባም እኩል መጡብኝ፤ ማላመጥ አቃተኝ። ባለቤቴ እልል አለች!

አባቴ ግን አልሳቁም። «በሩን ዝጊው ልጄ፣ ሰው እንዳያየን» አሏት። ከዚያ በርጩማቸውን ወደ ምድጃው ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ የሚገባው ሽንኩርቱ ነው ዘይቱ?»