የድልድዩ ጠባቂ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራዳ ካለው ሱቄ ጓዳ ውስጥ፣ በሐሳቤ በፈጠርኩት አገር ሦስት ጓደኞቼን አጫውታለሁ። የሚገጥማቸውን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ የሚያደርጉትን እነሱ ይመርጣሉ፤ መሳካቱን ሲወረወር ቁጥር የሚያወጣው ዳይስ ይወስናል። ዛሬ ከጓደኞቼ አንዱ የድልድዩን ጠባቂ ሊገድል ዳይሱን በመዳፉ ውስጥ ሲያንቀጫቅጭ፣ ድምፁ ወዳደግኩበት መካነ ብርሃን ይዞኝ ሄደ።

ክረምት ዝናቡ ቤት ሲያስቀረን፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ጅራፍ እየገመዱ ያጫውቱን ነበር። በእንቆቅልሽ ይረቱንና «አገር ስጡኝ» ይሉናል። ጎንደርን ስንሰጣቸው «እሱማ ባለቤት አለው» ብለው የራሳቸውን አገር ይፈጥራሉ፤ እኛም የዚያ አገር መንገደኞች እንሆናለን። ዳይስ የት ይገኛል! የቅልሞሽ ጠጠር ወደ ላይ ወርውረን በእጃችን ጀርባ ከቀለብነው ያሰብነው ይሳካል።

አንድ ቀን ወንድሜ «ድልድይ ጠባቂውን በጦር እወጋዋለሁ!» ብሎ ጠጠሩን አነሳ።

አያ ታከለ እርጥብ ቆዳ ከሚሸተው ጅራፋቸው ቀና ሳይሉ፣ «ውጋው» አሉት። «ጠባቂው ደርሶ ይባላል። እናቱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ማታ ኮቴውን ሰምታ ነው በር የምትከፍትለት።»

ወንድሜ ጠጠሩን እንደያዘ ቀረ።

«አያ፣ ይኼን አገር በዓይንዎ አይተውታል?» አልኳቸው።

«ምነው፣ አንቺስ እዚያው አይደል የዋልሽው?» አሉኝ።

እኔ ዛሬ ለማጫውተው አገር ካርታ ስያለሁ፤ ለተራራው ለወንዙ ሁሉ ስም አውጥቻለሁ። ለጠባቂው ግን አላወጣሁለትም።

«ልወርውር?» አለኝ ጓደኛዬ።

«ደርሶ ይባላል» አልኩት። «እናቱ...» ብዬ ስጀምር የዳይሱ ድምፅ ቆመ።