ቄጠማ ፍለጋ ከጓሯችን ኩሬ

ባለቤቴ ሕግ አክባሪ ሰው ነው። ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ እንኳ የስቶፕ ምልክት ካየ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ግራና ቀኙን አይቶ ነው የሚያልፈው። የወለዱት እናቱ ግን ለምንም ነገር ፈቃድ ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከሀዋሳ ሊጠይቁን በመጡበት ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ እናትና ልጅ በቄጠማ ተጣሉ።

እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሞንተሬይ ፓርክ፣ ለአውደ ዓመት ወለሉ ላይ የምናነጥፈው የፕላስቲክ ሣር ነው። አማቴ በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና፣

"ይሄ የእግር መጥረጊያ ነው?" አሉኝ።

"ቄጠማችን ነው፣ እማማ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "እውነተኛው ከጓሯችሁ ኩሬው ዳር ሞልቶላችሁ!"

"እማዬ፣ እሱ የሲቲው ነው፤ ከነኩት ፋይን ያስከፍላል" አለ ልጃቸው። "ደግሞ ቄጠማም አይደለም፤ ዝም ብሎ ሣር ነው።"

የመጨረሻዋን ባይጨምር ይሻለው ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ተከተልናቸው። ኩሬው ዳር ጎንበስ ብለው አንድ አገዳ ቀጠፉና በጣታቸው መሀል አሽከረከሩት።

"ና ዳስሰው። የሣር አገዳ ድቡልቡል ነው፤ ይሄ ሦስት ጠርዝ አለው።"

ባለቤቴ "ተዪው እማዬ!" እያለ እጃቸውን ሊይዝ ሲጠጋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። እግሩ ሲወጣ ጫማው እዚያው ቀረ።

ሳቃችንን የሰሙ አንዲት ፈረንጅ ጎረቤታችን ውሻቸውን እየጎተቱ መጡ። ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቀው "ሶሪ፣ ሶሪ" ማለት ጀመረ፤ እማማ አገዳውን ከጀርባቸው ደበቁ። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። ኩሬው ሲቆፈር ዳሩ ባዶ አፈር እንደነበረ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተናደ ይገባ እንደነበረ፣ ከጎረቤት ጋር ሆነው ይህን ተክል በእጃቸው እንደተከሉት ነገሩን። አሁን ሥሩ አፈሩን ይዞታል፤ ዳክዬዎችም ጫጩቶቻቸውን እዚያ ይደብቃሉ።

ስተረጉምላቸው እማማ ይከራከራሉ ብዬ ስጠብቅ አገዳውን ከጀርባቸው አወጡት። እሱን እያዩ፣

"አባቴ አሳ አጥማጅ ነበር" አሉ። "ሐይቁ ወለል ብሎ እንዲታይ ብለው በሰፈራችን በኩል የዳር ዳሩን ቄጠማ መነጠሩት። በክረምቱ ውሃው መንገዱን በላው። ትንንሾቹ አሳዎችም የሚሸሸጉበት አጡ። አባቴ መረቡን ይዞ ራቅ ወዳለ ዳርቻ መሄድ ግድ ሆነበት።"

ይህን ባለቤቴም ሰምቶት አያውቅም። በአንድ ጫማ ቆሞ እናቱን ያያቸው ነበር።

ሴትዮዋ ዳሩ ባዶ በቀረበት በኩል ቅዳሜ ለሚደረገው ተከላ ጋበዙን። እማማ የልጃቸውን ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሁሉም ቀድመው ውሃው ውስጥ ገቡ። የካናዳ ዝይ ችግኝ ስለሚነቅል ሌሎቹ በተከሉት ላይ መረብ ሲዘረጉ፣ እማማ "ችግኙ ምን አጠፋና ይታሰራል?" ብለው የራሳቸውን ረድፍ ክፍት ተዉት።

በማግስቱ ሄደን ስናይ ረድፋቸው በሙሉ ተነቅሎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ዝዮቹ አጠገቡ ቆመዋል፤ ያፈሩም አይመስሉም።

"ባለጌ ሁላ!" አሏቸው እማማ፣ በአማርኛ። ከዚያ እኔን ዞር ብለው አዩና፣ "መረብ የተረፈ ካለ እስቲ ጠይቂልኝ" አሉኝ ቀስ ብለው።

እንደገና ተከሉት፤ መረቡንም ራሳቸው አሰሩ። በጥቅምት ወደ ሀዋሳ ተመለሱ። ብርዱ አልፎ ቅጠሉ ብቅ ያለ ለት ባለቤቴ ኩሬው ዳር ተንበርክኮ በቪዲዮ ደወለላቸው።

"ይኸው እማዬ፣ ታየሽ?"

"መች አየሁት!" አሉ። "ስልኩን ዝቅ አድርገውና አንተ ወዲያ በል፣ ጥላህ ጋርዶብኛል።"