እጄን ሰብስቤ የተቀመጥኩበት ሚካኤል

በርበሬ ከተለቀመ በኋላ ሁለት ጠላት አለው ብዬ አምን ነበር፤ ዝናብና መሰባበር። ዝናቡን ሰማይ ሰማይ እያየሁ ከመፍራት በቀር የማደርገው የለኝም። መሰባበሩን ግን በእጄ እከላከለው ነበር። ዛላው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ ጆንያ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ውኃ በቅል ይዤ እረጨዋለሁ። ያኔ ይለዝባል፤ ፍሬው አይፈስም፤ ጠቅጥቀን ስንሞላውም አያስነጥሰንም። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። የቀበሌያችን ሴት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች።

ያን ዓመት ከሌላው ጊዜ አብዝቼ ረጨሁ። ያበዛሁት ከስጋት ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ያመረትኩት ሦስተኛው በርበሬ ነበር፤ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማራለች። ትምህርት ቤቱ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ዐርብ ዐርብ ትመጣለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። የቤት ኪራይዋም፣ ደብተሯም፣ የመኪና ሒሳቧም ከዚያው በርበሬ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንዲት ዛላ እንኳ እንዳትሰበር ብዬ በአንድ ቅል ፈንታ ሦስት ቅል አርከፈከፍኩበት። ስድስት ጆንያ ሞላሁ። አፋቸውን ሰፍቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ከግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኳቸው። በቀን ሦስት ጊዜ እየሄድኩ እዳስሳቸው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ የጎረቤቴን አህዮች ተውሼ ወደ ጅጋ ጫንኩ። እዚያ በርበሬ የሚቀበሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሐጂ ነው የሚላቸው። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈቱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከመካከል አንድ ዛላ አወጡ። በአውራ ጣታቸው ሰንጥቀው ውስጡን አሳዩኝ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ነበረበት።

«እታለም፣ ውኃ ረጭተሽበታል?»

«ትንሽ ነው ሐጂ። እንዳይሰበር ብዬ።»

«ትንሽ? ይኸ እኮ ዋኝቶ ነው የመጣ!»

በዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ። መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ሳቁን በእጃቸው ገቱትና እንደ አባት አስረዱኝ። ይህ በርበሬ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። ወዲያ ማዶ ያለ ሰው አንድ እፍኝ ወስዶ በመሣሪያ ይመረምራል፤ ሻጋታ ካገኘበት የመኪናውን ጭነት እንዳለ ይመልሰዋል። «የተሰበረ በርበሬ ይሸጣል» አሉኝ። «የረጠበ ግን አይሸጥም። ሻጋታው ሰው ያሳምማል፤ ለሰውም ለከብትም እንዳትሰጭው። ማክሰኞ መኪናዬ ይጭናል። እስከዚያ ደህናውን ለይተሽ፣ ሸራ ላይ አስጥተሽ አምጭልኝ። ቦታ አቆይልሻለሁ።»

ስድስቱንም ጆንያ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለዚያ ማዶ ስላለው ሰው ነበር። ስሙን አላውቀውም፤ አገሩንም አላውቀውም። እሱ ወጡን እንዳይፈራ ሲል የኔ ልጅ ከክፍል ልትወጣ ትችላለች። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ኋላ ግን እኔም ለልጄ የምገዛውን ነገር ሁሉ አሽትቼ፣ ገልብጬ አይደለም ወይ የማይ አልኩና ተውኩት።

ዐርብን ሙሉ ብቻዬን ስለቅም ዋልኩ። ለስላሳና የደበዘዘ ዛላ ሲገኝ ወዲያ፣ ጠንካራው ወዲህ። እስከ ማታ የጨረስኩት አንድ ጆንያ ነው። ቀሪውን እንዳልሠራው ቅዳሜ ሚካኤል ነበር፤ እሑድ ሰንበት። ሰኞ ብቻ ለአምስት ጆንያ አይበቃም። ሻጋታ ደግሞ በዓል አያከብርም፤ በቆየ ቁጥር ወደ ደህናው ይሻገራል።

ልጄ መጣች። ክምሩንም፣ ዓይኔንም አየች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣

«እማ፣ ቡሬ ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል አሉ» አለች። «ከኛ ክፍል ሁለት ልጆች ሄደዋል። እኔም ልግባና ለሌላ ዓመት እማራለሁ።»

ፋብሪካውን አልጠላውም። በሱ ደመወዝ ስንት የሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ሌላ ዓመት የሚባለውን ዓመት ግን አውቀዋለሁ። እኔም አራተኛ ክፍል ላይ ለሌላ ዓመት ተብዬ ነው የቀረሁት። ያ ዓመት እስካሁን አልመጣም። ይህን ሳልነግራት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረድኩላት።

በማግሥቱ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ አህዮቿን ያዋሰችኝ ጎረቤቴ የንስሐ አባታችንን አስቆመቻቸው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ምላሷ ስለት ነው።

«አባ፣ የዚች ሴት በርበሬ ቤት ውስጥ እየሻገተ ነው። ዛሬ ሚካኤል፣ ነገ ሰንበት። ምን ይላሉ?»

አባ መስቀላቸውን አሳለሟት። «ለራስ መሥራት አይቻልም» አሉ። «ለተቸገረ መሥራት ግን ጽድቅ ነው። እሷ አትንካው። እናንተ ግቡላት።»

ይህ በኛ አገር የቆየ ነው። በበዓል ቀን የራስህን አታርስም፤ የደካማና የባልቴት እርሻ ግን ቢታረም፣ ቢታጨድ ነውር የለውም። ባሌ ካረፈ ጀምሮ ሦስት ጊዜ እንግባልሽ ብለውኝ ሦስቱንም ጊዜ አቅም አለኝ ብዬ መልሻቸዋለሁ። ከነዚያ ጋራ መቆጠር ከብዶኝ ነው። አሁንም ያንን ልማዴን አልተውኩም።

«አባ፣ እኔ እኮ አልተቸገርኩም።»

«አልተቸገርኩም ትላለች!» አለች ጎረቤቴ። «ፊቷን እዩልኝ፤ ከበርበሬው ብሳ ሻግታለች።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ዐሥራ አምስት የምንሆን ነበርን፤ ሠራተኞቹ ዐሥራ ሦስት፣ እኔና ልጄ ተቀማጮች። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደጁ ላይ ሸራ ዘረጉና ጆንያውን ዘረገፉት። ጠላ ልቅዳ ስል ጎረቤቴ፣ «እኛ ከአንች ቤት ምንም አንቀምስም፤ የአንች ውኃ የሚያደርገውን አይተናል» አለችኝ።

ከዚያ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን የባሰ ድካም አላስታውስም። የሰው እጅ የኔን በርበሬ ሲያገላብጥ እያየሁ አለመንካት! አንዷ ፈጠን ስትል ልቤ አብሮ ይዘላል።

«ያንን ተይው፣ እሱ እኮ ደህና ነው» እላለሁ።

«እጅሽን ሰብስቢ!» ይሉኛል።

«እጄን መቼ አነሳሁ?»

«ዓይንሽንም ሰብስቢ!»

ልጄም እንደኔ ሥራ ፈታ ስለተቀመጠች ደብተሯን አወጣች። መምህሩ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ ሁኔታዎች የዓለምን አገሮች እድገት እንዴት ይወስናሉ የሚል። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አንዷ መንገድ ነው አለች፤ ጅጋ አስፋልቱ ዳር ባይሆን ሐጂ የት ይገኙ ነበር? ሌላዋ ሰላም ነው አለች። ሦስተኛዋ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ወንዶች አፋቸውን ሲዘጉ ነው» አለች፤ ደጁ በሳቅ ተናጋ።

ልጄ የመምህሩን ማስታወሻ ቀጠለች። እድገትን ከሚያዘገዩ ባህላዊ ነገሮች አንዱ የበዓላት መብዛት ነው ይላል። ጎረቤቴ የያዘችውን ዛላ ወዲህ ጣለች።

«እንግዲያው ዛሬ በዓሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ ጨምሪበት» አለች።

«ውሸት አይደለም ግን» አለች በቅርብ የተዳረች ልጅ፣ ቀስ ብላ። «አምና ዝናብ ጤፌን የመታብኝ በበዓል መከመር አይቻልም ተብዬ ነው።»

«እሱንም ጨምሪበት» አለች ጎረቤቴ።

እኔ ስለ ዓለም እድገት የማውቀው የለኝም። የገባኝ ይህ ብቻ ነው። ያን ቀን ሥራ የሚፈቀድ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሴቶች ሁሉ በየአውድማቸው ላይ ነበሩ፤ የመውቂያ ጊዜ ነው፤ ማንንም አልወቅስም ነበር። የዚችን ልጅ ጤፍ ያበላሸው በዓል የኔን በርበሬ አዳነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው እኛን አያውቀንም።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጨረሱ። አራት ጆንያ የሚሆን ደህና ተገኘ። የሻገተውን አንዷ ታጥቦ ለቤት ይፈጫል ብትል ሐጂ ያሉኝን ነገርኳት፤ ሰኞ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ስቀብረው ያሳዘነኝ ኪሳራው አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንቱን ለልጄ አብልቻት ይሆን የሚለው ነው። እሑድን በርበሬው እነሱ እንዳሰጡት ሸራው ላይ ዋለ። ለማድረቅ የሰው እጅ አያስፈልግም፤ ፀሐይዋ ሠራች።

ልጄን እሑድ ስንቋን አስያዝኳት። «ቡሬን እስከ ማክሰኞ እንዳታስቢው» አልኳት። እሺ አለች፤ ግን ዞር እያለች ታየኝ ነበር።

ማክሰኞ ሐጂ እጃቸውን እንደገና እስከ ክርናቸው ከተቱ። ያወጡትን ዛላ ሰበሩት። ቀጭ አለ።

«አሁን አማርኛ ተናገረ» አሉ። «መዝኑላት።»

እዚያው ከሚዛኑ ጎን ቆሜ የሐጂን ስልክ ተቀበልኩና ወደ ልጄ ደወልኩ። «ቡሬን እርሽው» አልኳት። ወዲያኛው ጫፍ ላይ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁ። «እማ፣ ልግባ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በርበሬዬ ላይ ውኃ አላደርግም። ይሰበር። ያስነጥሰኝ። እንግባልሽ ሲሉኝም ደግሜ እምቢ አላልኩም፤ እኔም የበዓል ቀን ለሌላው እሄዳለሁ፤ ባለቤቷ ከመደቡ ላይ ስትቁነጠነጥ እጅሽን ሰብስቢ የምላት እኔ ነኝ።

ልጄ የቤት ሥራውን የሁለቱንም ሴቶች ቃል አስገብታ ጻፈችው፤ የጎረቤቴንም፣ የሙሽሪትንም። በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ተናዳለች። መምህሩ በዓል በርበሬ አዳነ የሚለው መስመር ጎን በቀይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

«አላመነኝም» አለችኝ።

ደብተሩን ወደ ብርሃኑ ይዤ ምልክቱን ደጋግሜ አየሁት። «ሰኞ ሂጅና አስረጅው» አልኳት። ሰኞ የምትገባበት ክፍል፣ የምትከራከረው መምህር ነበራት። ለዚያ ለቀይ ምልክት ሚካኤልን አመሰገንኩ።