ለብቻዋ የቀረበችው ሳህን

ከደባርቅ እስከ ኮሶዬ፣ የገና ጨዋታ ላይ የሚስተካከለኝ ወንድ አልተወለደም። ሩሯን አንዴ ከመታኋት ሊማሊሞን ተሻግራ ቆላ ትወርዳለች፤ የቆላው ገበሬም ከሰማይ የወረደች መስላው ስለት ይገባላታል።

ይህን ግን አብሮኝ የተጫወተ ሰው ፊት እንዳትደግሙት። የማወራላችሁ የገና ዕለት ዱላዬ ያገኘው ነገር ቢኖር የገዛ ቅልጥሜንና የአንድ ሰላማዊ ውሻ ጅራት ነው። ሩሯን አልነካኋትም። ቢሆንም የዚያ ቀን ድል እስከ ዛሬ የሚወራው በእኔ ስም ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የፊዚክስ መምህር ጓደኛ አለኝ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ በቁመት ግን ከራስ ዳሽን ጋር ትከሻ ይለካካል። ይህ ሰው ከአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ጋር ተዋደደ፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሽማግሌ ተላከ፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ነጋዴው ጠላ አስቀዳልን፣ ጋቢውን አስተካከለና፣

«ልጁ ሸጋ ነው» አለን። «ትምህርቱም ጠባዩም። አጥንቱ ነው እንጂ።»

አጥንቱ ማለት እናቱ ናቸው። ዳባት አጠገብ ሸክላ ይሠራሉ፤ የእናታቸውም ሥራ ይኸው ነበር። ሟቹ አባቱ ደግሞ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። በእኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ ቀጥሎ «የየት አገር ሰው ነህ?» ይመጣል፤ «ደህና ነህ ወይ?» የሚባለው መልሱ ከተወደደ ነው። ባለ እጅ ከሆንክ ቡዳ ነህ፤ ቡዳ ከሆንክ ከሰው ጋር አትበላም፤ ከሰው ጋር ካልበላህ ማን ልጁን ይሰጥሃል? የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን በቃሉ ይዞታል። በገበያ ቀን ታዲያ ያው ሰው የእናቱን ድስት ለመግዛት ይጋፋል። ድስቱ እሳት ላይ ሲጣድ ቡዳነቱ ይተናል መሰለኝ።

«እህልዎ የታረሰው በአባቱ ማረሻ አይደለም እንዴ?» አልኩት ነጋዴውን።

«አንተ መምህር፣ ቀልድህን ተው። ሁለተኛ ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ደጄን ቢረግጥ፣ ልጅቱን ጎንደር አጎቷ ዘንድ እሰዳታለሁ። እዚያ የሚፈልጋት አለ።»

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞረ። የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም አብሮ አጠፋው።

በሽማግሌ በኩል በሩ ተዘግቷል። እኔ ግን ሌላ በር ትዝ አለኝ። ነጋዴው በየዓመቱ ገና ሲመጣ ያሸነፈውን ሰፈር ሁሉ ቤቱ አስገብቶ ያበላል፤ ይህንንም ዓመቱን ሙሉ ሲያወራ ይከርማል። በገና ጨዋታ ደግሞ አሽከር ጌታውን ቢሰድበው፣ በዱላም አገጩን ቢያገኘው፣ ጌታ አይቆጣም፤ የአባቶች ደንብ ነው። በሽማግሌ እግር ያልተገባበት ቤት በገና ዱላ ይገባ ይሆናል አልኩ።

በበዓሉ ቀን ጓደኛዬን ይዤ የእኛ የታች ሰፈር ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ሜዳ ወረድኩ። ሥጋ ሻጩ ገና ሲያየን ፊቱን አኮሳተረ።

«እሱም ሊጫወት ነው?»

«ዱላ ይዞ የመጣ ሰው ሊቀድስ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ኋላ ቢያየንስ?»

«አንተን? አንተን የበላ ቡዳ ከተገኘ ጠበል የምወስደው ቡዳውን ነው፤ ሆዱን ያመዋል።»

ሰዉ ሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀም። «እናንተ ካልፈለጋችሁ ላይ ሰፈር እገባለሁ» አለ ረጋ ብሎ። ቁመቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቡዳ ያነሳ የለም።

ጨዋታው እንዴት እንደነበር ልተወው፤ ብናገር አታምኑኝም። አቧራው ፀሐይን ጋርዷል፤ ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እሱ ሩሯን በመታ ቁጥር የላይ ሰፈር ሰው ለሁለት ይከፈላል፤ እንደ ሙሴ ባሕር። የመጨረሻዋን ሲያገባት ሥጋ ሻጩ ራሱ ሮጦ ጀርባው ላይ ተሰቀለና ማውረድ አቃተን። እየዘፈንን ወደ ነጋዴው ቤት ወጣን፦

የላይ ሰፈር ጎበዝ፣ ጋቢ የደረበ፣
ሩሯን ያየ ጊዜ፣ ወዴት ተሰበሰበ?

ነጋዴው ደጃፉ ላይ ቆሞ እየሳቀ ሲቀበለን፣ ከሁላችን ራስ በላይ የታየችውን ራስ አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ደስታው ግን ሄደ። ቢሆንም ደንብ ነው፤ «ግቡ» አለ።

ገባን። መሶቡ መሃል ቤት ተቀምጧል። ቄሱ መጥተው እስኪባርኩት ግን አልተከፈተም። ነጋዴው ወደ ጓዳ ገብቶ አንሾካሾከ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት የቆርቆሮ ሳህን መጣች፤ በር ሥር፣ ጓደኛዬ ፊት፣ በርጩማ ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። ለእሱ ለብቻው ነው። በእናቱ ድስት የተሠራው ወጥ ለልጃቸው በተለየ ሳህን ወጣለት።

ጓደኛዬ ሳህኗን አየና ሊነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቢወጣ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ልጅቱም ጎንደር ናት።

ይህን ጊዜ የእኔ እጅ ተዘረጋ። ከዚያች ሳህን ቆርሼ ጎረስኩ።

ሥጋ ሻጩ አየኝ። ከተቀመጠበት ተነሳና እሱም ቆረሰ። ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው መጣ፤ ያ ሁሉ አቧራ የጠጣ ወንድ መሃል ቤት ያለውን ሰፊ መሶብ ትቶ አንዲት ሳህን ላይ ተረባረበ። በርጩማው ሊሰበር ደረሰ።

«ምንድን ነው እዚያ የምትሻሙት?» አሉ የነጋዴው እናት ከመደቡ ላይ። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ጆሯቸው ግን የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ይሰማል።

«የእንግዳውን ሳህን ነው እሜቴ» አልኩ።

«አወቅሁ። አንተ ረጅሙ፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ እኔን ማን ሊያጎርሰኝ ነው? ና እንጂ።»

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አጎረሳቸው። አሮጊቷ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው አብሯቸው ያላመጠ ይመስል ነበር። ውጠው ሲያበቁ፣ «እጅህ ይባረክ፤ ድገመኝ» አሉት።

ነጋዴው ምሰሶውን እንደተደገፈ፣ «ዛሬ መቆጣት ክልክል ነው» አለ። «ነገ ደግሞ እናቴ በጎረሰችበት እጅ ላይ ምን ብዬ ልቆጣ? ሳህኗን አንሱና ወደ መሶቡ ቅረቡ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ላኩ። ይህን ቀልደኛ ግን እንዳትልኩብኝ።»

ከጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ቀጥሎ የልጅቱ ሳቅ ተሰማ።

በሰርጉ ዕለት የሙሽራው እናት ከዳባት መጥተው ከአሮጊቷ ጎን፣ ከአንድ መሶብ በሉ። አንድ አጎት ቀርቷል፤ ሌላው መጥቶ ምንም ሳይቀምስ ሄደ። የቀረው ዘመድ ሁሉ ግን በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፤ ሥጋ ሻጩም ያን የመጨረሻዋን ሩር ያቀበላት እሱ እንደሆነ ለሙሽራው እናት በምሐላ ነገራቸው።

እኔማ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። በየዝክሩ «ያን ቀን መጀመሪያ እጁን የዘረጋው እሱ ነው» እባላለሁ፤ ወንበር ይለቀቅልኛል። ሙሽራው አቅፎኝ አልቅሷል፤ እኔም ዝም ብዬ ታቅፌለታለሁ።

የዚያን ዕለት ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሜዳ ስለወረድኩ እህል አልቀመስኩም ነበር። ቄሱም ዘገዩ። ጓዳ ውስጥ ወጡን ሳህኗ ላይ ያወጣችው ልጅቱ ነበረችና ለቤቱ ጌታ የሚቀመጠውን የዶሮ ፈረሰኛ አድርጋባታለች፤ ሁለት እንቁላልም አላት። እጄ ሲዘረጋ ስለ ዘርም ሆነ ስለ አጥንት ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ርቦኝ ነበር። ፈረሰኛውን የበላሁትም እኔ ነኝ።