የግራዋ ፍሬ የመሰለኝ

ወሩን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ ፉሪ ያለውን የግራዋ አጥሬን አስቆርጬ በብሎኬት ያሳጠርኩ ጊዜ ነው። ግራዋው ላይ የሚኖሩት፣ ደረቅ ጭራሮ የሚመስሉት ነፍሳት አብረው አለቁ። አንዲቷን ብቻ ከነቅርንጫፏ ጣሳ ውስጥ አቆየኋት። ከሥሯ የሚረግፈውን፣ የግራዋ ፍሬ መስሎኝ፣ በየጠዋቱ እየጠረግኩ እሳት ውስጥ እጥል ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አስተማሪዋ አየችኝና፣ «ኦቦ፣ ኧረ ምን ነካዎት! እንቁላሏን እኮ ነው የሚያቃጥሉት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማቃጠሉን ተውኩ። ቅርንጫፉም ጠውልጓል፤ ጎመን ብሰጣት አልቀምስም አለች። ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ሆነ። አስተማሪዋ ከራሷ አጥር ግራዋ እየቆረጠች ታመጣላት ጀመር። ጭራሮ መሳይዋ ግን ጥቂት እንቁላል ጥላ ሞተች። እንቁላሉን አፈር አልብሼ ይኸው እጠብቃለሁ፤ ይፈልፈል አይፈልፈል አላውቅም። ያን ሰሞን ከጎኔ ያልተለየችው ያቺ አስተማሪ ናት።