ገና ያልተጠየቀው ቅጠል

ታላቅ ወንድሜ አቶ ሃብቶም ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። ለቀብራቸው ሳትደርሱ የቀራችሁ ወዳጆቻቸው ብዙ ስለሆናችሁ ይህን እጽፍላችኋለሁ። አማርኛ ያስጠኑኝ እሳቸው ነበሩ። ዛሬ የሚያርምልኝ የለምና ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ።

እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ ሓዝሓዝ በሚባል ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በትግርኛ ታላቅ ወንድም እንደሚጠራው «ኣያ» እላቸው ነበር። ቀን በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደምና አክታ ሲመረምሩ ይውላሉ። ሥራ ሲያበቃ የሚቀሩት ግን ለታህሰስ ነበር፤ በአማርኛ ክትክታ የሚባለው ቅጠል ነው። የሰፈራችን መድኃኒት ዐዋቂ፣ «አደይ» (እናቴ) እያልን የምንጠራቸው ለተብርሃን፣ ቅጠሉን ወቅጠው በቁስል ላይ ያስሩታል። ኣያ ይህ ቅጠል መግል የሚያመጣውን ጀርም በእርግጥ ይገድል እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

አደይ በጆንያ የሰጧቸውን ቅጠል በጥላ አድርቀው ይወቅጡታል፤ በአልኮል ዘፍዝፈው ያጠሉታል። ጀርም በዘሩበት ሳህን ላይ በፈሳሹ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ያስቀምጣሉ። ሳህኑ መደበር በሚባለው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ባሠሩት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሞቆ ያድራል። ፈሳሹ ጀርሙን ከገደለ፣ ጠዋት በወረቀቷ ዙሪያ ንጹሕ ቀለበት ይታያል።

አንድ ጠዋት ቀለበቱ ታየ፤ ሰፊ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ባልደረባቸው አቶ ጌታቸው ኣያን አቅፈው ከመሬት አነሷቸው። ዋናው ሐኪምም «ለእንግዶች አሳየዋለሁ» አሉ። ኣያ ግን እንደ ልማዳቸው አልኮል ብቻ የነካት ሌላ ወረቀትም አስቀምጠው ነበር። በእሷም ዙሪያ ያው ቀለበት ነበር። አልኮሉ ተንኖ ሳያልቅ ቸኩለው ነበር ወረቀቶቹን ያስቀመጡት።

«የገደለው አልኮሉ ነው። ቅጠሉ ገና አልተጠየቀም» አሉ።

አቶ ጌታቸው ሳቁ። «እስቲ ሃብቶም፣ ስትጠይቀው በአማርኛ ነው በትግርኛ?»

«በሁለቱም እሞክራለሁ። እስካሁን ዝም ነው ያለኝ።»

ዋናው ሐኪም ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ክፍል ብቅ አላሉም።

ኣያ ወሬው ሳይቀድማቸው ራሳቸው ሊነግሩ አደይ ለተብርሃን ቤት ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ሰው በእጄ እየዳነ አንተ ወረቀት ታምናለህ?» አሉ አደይ።

«አደይ፣ የዳነው ሊያመሰግንዎት ይመጣል። ያልዳነውን ማን ያየዋል?»

«እንግዲያው ቅጠሌን መልስልኝ!»

ኣያ ከነጆንያው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ አደይ ፌርማታ ላይ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ኣያ ግን ባርኔጣ ማንሣታቸውን አልተዉም። የአደይ የልጅ ልጅ በታመመች ጊዜ ደሟን መርምረው ውጤቱን እቤታቸው ድረስ ወሰዱላቸው። አደይ በሩን ከፈቱላቸው፤ «ግባ» ግን አላሏቸውም።

በየእሑዱ ከከተማ ወጥተው ቅጠሉን ራሳቸው መልቀም ጀመሩ። በዚህ ጊዜ አልኮሉን ጨርሰው አተነኑት፤ የቀረውን በውኃ በጠበጡት። ሳህኖቹ ሣጥን ሳይገቡ ግን ሳንባቸው ታሞ ተኙ። ሥራውን አቶ ጌታቸው ቀጠሉላቸው፤ አንድ ቀንም እየሮጡ መጡ።

«ሃብቶም! ጠባብ ቀለበት አለ! በባዶዋ ወረቀት ዙሪያ ምንም የለም!»

ኣያ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ የሚደሰቱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ።

«አንዴ ነው» አሉ። «ድገሙት።»

ከዚያ ወዲያ ውኃ ከመለመን በቀር አልተናገሩም።

አደይ ለተብርሃን ለቅሶ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ንገረኝ፤ ይገድላል ወይ?» አሉኝ።

«አንዴ ታይቷል፣ አደይ። ገና ይደገማል።»

በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ።»

ኣያ፣ አሁን ደግሞ ለእርስዎ ልንገርዎ፤ እንዳሉን አቶ ጌታቸው ደገሙት። ትናንት ጠዋት ሳህኑን አብረን አየነው፤ ቀለበት የለም። አቶ ጌታቸው ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት፤ አሁንም የለም። ለእርስዎ መዋሸት የምችል ብሆን ኖሮ ዛሬ እዋሽዎት ነበር። የተሳሳተው የፊተኛው ይሁን የኋለኛው አናውቅም። ሦስተኛው ዛሬ ሣጥን ገብቷል። ደኅና ይረፉ፣ ኣያ። የታየውን እንደታየ መቃብርዎ ድረስ እመጣና እነግርዎታለሁ። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።