ዘይነባን የገደላት ጉበት አይደለም

ጠዋት ሲደውሉልኝ «የትኛዋ ዘይነባ?» ነው ያልኩት። የኛዋ ልትሆን አትችልማ! ትናንት እኮ ሽንኩርታችንን አብረን ሸፍነን፣ «ነገ ደግሞ እንዳታረፍጂ» ብላኝ ነው የተለያየነው።

የኛዋ ናት። የመጋላ ሰፈሯ፣ ገበያ ላይ ጎኔ የምትሸጠዋ። ደም ግፊት በድንገት ጣላት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረች።

ለቅሶው ላይ ገና በቅጡ ሳንቀመጥ ወሬው ተጀመረ። «ድሮም ጉበቷ ነው» አለች አንዷ። «ያ ኪኒን ነው የበላት» አለች ሌላዋ።

ስሙኝማ! አዎ፣ ያ «ሲ» የሚሉት የጉበት በሽታ ይዟት ነበር። ሦስት ወር ኪኒን ዋጠች፣ ተመረመረች፣ «ከደምሽ ጠፍቷል» ተባለች። ይሄ ከሆነ ቆየ። ድናለች!

ስንቱን አልፋ መሰላችሁ? ዘመዶቿ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው የተወቀጠ ሥር አመጡላት። ሐኪሙ ከልክሏት ነበርና ዓይናቸው እያየ ደፋችው።

ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ደግሞ ብርጭቆ ለየችባት። ዘይነባ የኔን ብርጭቆ ከእጄ ነጥቃ ፉት አለችበትና፣ «በደም ነው የሚይዘው፣ በሻይ አይደለም! አቦ፣ በቁሜ አትቅበሩኝ!» አለች። እኔም ተቀብዬ የቀረውን ጨለጥኩት። ሴትዮዋ ክው!

ረመዳን ሲገባ «ወይ ፆሙን ወይ ኪኒኑን» አሏት። ሐኪሟን ጠየቀችው፣ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ አዞረላት። እኔ ክርስቲያኗ የመግሪብ አዛን ጠብቄ እደውልላት ነበር።

«ዋጥሽ?»

«አቦ፣ መጀመሪያ ቴምሯን ላላምጥ! የምፆመው ለአላህ ነው ላንቺ?»

ዛሬ ከለቅሶው ስወጣ አንዲት ሴት ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። ባሏ ያንኑ ኪኒን ጀምሯል። «እውነት እሱ ነው የገደላት? ላስቁመው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንባዬን ሳልጠርግ የምጽፈው ለዚህ ነው። እህቴ፣ እንዳታስቆሚው! የሚጠይቀው ነገር ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ለቀስተኛ አይጠይቅ። አልውጥም ካለሽ ደውይልኝ። አዛን ሲል የማስዋጥ ልምዱ አለኝ።

ዘይኑዬ፣ አላህ ጀነቱን ይስጥሽ። ነገ ቦታሽ ላይ ማንንም አላስቀምጥም፣ ይጣሉኝ ከፈለጉ።

ዛሬ አፈር አለበሱሽ፣ ምን ይደረጋል። በቁምሽ ግን ማንም አልቀበረሽም።